ፕሮቲን ቆራጮቹ፦ ከጨጓራችን እስከ ፋርማሲው መደርደሪያ

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ለአፍታ ቁሙና ወረቀት ይዘው የሚመጡትን ሰዎች አስተውሉ። አንዲት እናት ለደም ብዛታቸው ኢናላፕሪል ይገዛሉ። ጎልማሳው እግሩ ላይ ደም ረግቶበት ሪቫሮክሳባን ታዞለታል። አጠገቡ የቆመው የስኳር ታማሚ ሲታግሊፕቲን ይጠይቃል። በየመንግሥት ጤና ተቋሙ ደግሞ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው አታዛናቪር በነፃ ይወስዳል። በሽታዎቹ ለየቅል ናቸው። መድኃኒቶቹም ለየቅል ይመስላሉ።

ግን አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አለ። አራቱም የሚሠሩት ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይምን በማሰናከል ነው። የሚያሰናክሉት ኢንዛይም ይለያያል እንጂ የኢንዛይሙ ሥራ ያው መቁረጥ ነው። ሳይንቲስቶች እነዚህን ኢንዛይሞች ፕሮቲዬዝ ይሏቸዋል። የሰው ሰውነት ከ500 በላይ የፕሮቲዬዝ ዓይነቶችን መሥራት ይችላል። ስለ እነሱ ብዙ አይወራም። እኔ ግን ስለ ጤናችን የምንጠይቃቸው የብዙ ጥያቄዎች መልስ እነሱ ጋ ያለ ይመስለኛል።

ለመሆኑ የሚቆረጠው ምንድን ነው? ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች በተራ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ዓይነት ናቸው። ሰንሰለቱ ተዘርግቶ አይቀመጥም። ይጠቀለልና የራሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውንም የሚሠራው በዚያ ቅርጹ ነው። ፀጉራችን በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻችንም ከውኃው ውጭ እንደዚሁ። ኢንሱሊንም፣ ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢንም ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲዬዞቹ ራሳቸውም እንደዚሁ።

አሚኖ አሲዶቹን የሚያያይዘው ማሰሪያ በጣም ጠንካራ ነው። ውኃ ሊያፈርሰው ይችላል። ነገር ግን ኢንዛይም ካልገባበት፣ በተራ የክፍል ሙቀት ውስጥ ግማሹ እስኪፈርስ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። ፕሮቲዬዝ ይህንን ሥራ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

እያንዳንዱ ፕሮቲዬዝ ላዩ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። ሰንሰለቱ እዚያ ይገባል። ጉድጓዱ አጥብቆ ይይዘውና አንዲት የውኃ ሞለኪውል ማሰሪያውን እንድትበጥስ ያመቻቻል። ጉድጓዱ ታዲያ ያገኘውን ሁሉ አያስገባም። ትሪፕሲን የሚባለውን የአንጀት ኢንዛይም እንውሰድ። የሚቆርጠው ላይሲን ወይም አርጂኒን ከተባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ነው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፤ የትሪፕሲን ጉድጓድ ግርጌ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው፤ ስለዚህ ይሳሳባሉ። ካይሞትሪፕሲን የሚባለው ዘመዱ ጉድጓዱ ሰፋ ያለና ቻርጅ የሌለው ስለሆነ የሚመርጠው ገላቸው ትልልቅ የሆኑትን አሚኖ አሲዶች ነው። ይህ መራጭነት ለመድኃኒት ሠሪዎች ትልቅ ነገር ነው። የአንዱን ጉድጓድ የሚደፍን፣ የሌላውን የማይነካ ሞለኪውል ማግኘት ከተቻለ መድኃኒት ተገኘ ማለት ነው።

አሁን የምለውን ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው። መቁረጥ መመለሻ የለውም። ሰውነት ፕሮቲኖቹን የሚያዝባቸው ሌሎች መንገዶች አሉት። ለምሳሌ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ይለጥፍባቸዋል፣ ሲያሻው ያነሣዋል። የተቆረጠ ፕሮቲን ግን እንደ ነበረ አይቀጠልም። ያለው አማራጭ አዲስ መሥራት ነው። ስለዚህ ሰውነት መቁረጥን የሚመርጠው ወደ ኋላ መመለስ በማይፈለግበት ጉዳይ ነው፤ ምግብ ሲፈጭ፣ ደም ሲረጋ፣ የተበላሸ ሴል በሥርዓት እንዲሞት ሲወሰን።

በዚያው ልክ ይጠነቀቃል። ሰው ስለታም ቢላ ይዞ ሲንቀሳቀስ በአፎቱ አድርጎ እንደሚይዘው፣ አብዛኞቹ ፕሮቲዬዞችም የሚመረቱት አፎታቸውን ለብሰው ነው። አፎቱ የራሱ የሰንሰለቱ ክፍል ነው፤ የመቁረጫውን ጉድጓድ ይሸፍነዋል። ኢንዛይሙ የሚፈለግበት ቦታ ሲደርስ አፎቱ ተቆርጦ ይወድቃል። ይህም አይበቃም። ያለቦታው የተገኘውን ቆራጭ አሳደው የሚይዙ ሌሎች ፕሮቲኖች በደማችን ውስጥ ይዘዋወራሉ። ከእነሱ አንዱ ጉበት የሚያመርተው አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ነው። ዋና ሥራው ሳንባን መጠበቅ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ጀርም ሲዋጉ የሚለቁት ኢላስቴዝ የሚባል ቆራጭ የሳንባን ስስ ግድግዳ እንዳይበላው ይይዝልናል። የሲጋራ ጭስ ይህን ጠባቂ ከሥራ ያስወጣዋል። ብዙ ዓመት ያጨሱ ሰዎች ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የሳንባቸው ከረጢቶች ቀስ በቀስ ተበልተዋል።

ጨጓራ ራሱን ለምን አይበላም?

ፒያሳ ቁርጥ በልቶ የወጣ ሰው ጨጓራው ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ጨጓራ አሲድ ያመነጫል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች እስከ 2 እና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይጠነክራል። አብሮት ፔፕሲኖጅን የሚባል አፎቱን የለበሰ ፕሮቲን ይለቃል። አሲዱ ሲነካው የፔፕሲኖጅን ቅርጽ ይከፈትና ራሱ የራሱን አፎት ይቆርጣል። አሁን ስሙ ፔፕሲን ነው። ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን ፔፕሲንን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። ፔፕሲን የሥጋውን ረጃጅም ሰንሰለቶች ወደ አጫጭር ቁርጥራጮች ይለውጣቸዋል። በነገራችን ላይ፣ ጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ እጭ አይገድለውም። እንዲያውም በዙሪያው ያለውን ሥጋ ፈጭቶ ነፃ ያወጣዋል።

ጨጓራም እኮ ሥጋ ነው። ታዲያ ለምን አይፈጭም? ግድግዳውን ወፍራም ልጋግ ይሸፍነዋል። ልጋጉ ውስጥ አሲድን የሚያከሽፍ ባይካርቦኔት አለ። ከሥሩ ያሉት ሴሎችም በየጥቂት ቀኑ ይታደሳሉ። ይህ መከላከያ ሲሳሳ ነው "ጨጓራዬ ተነሣብኝ" የምንለው፤ ሲብስም ቁስለት ይሆናል። የሚያሳሱት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሌላው ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት እያሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት የሚውጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል የሚያስታግሰው አሲዱን ስለሚቀንስ ነው። አሲዱ ሲቀንስ ፔፕሲንም ይደነዝዛል፤ ያለ አሲድ መቁረጥ አይሆንለትም።

ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ቆሽት በየቀኑ ብዙ ትሪፕሲኖጅን ያመርታል። ይህ አፎቱን የለበሰ ትሪፕሲን ነው። በቱቦ ወርዶ ትንሹ አንጀት ሲደርስ፣ የአንጀቱ ግድግዳ ላይ ተተክሎ የሚጠብቅ ሌላ ኢንዛይም አፎቱን ይቆርጥለታል። አንዴ ትሪፕሲን ከተነሣ እሱ ራሱ የቀሩትን ትሪፕሲኖጅኖች ይገልጣል። የካይሞትሪፕሲንንና የሌሎቹንም አፎት ያወልቃል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሥራ ይጀምራል።

ይህ ነገር አንጀት ውስጥ ሳይሆን እዚያው ቆሽት ውስጥ ቢጀምርስ? ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል። በሽታው ፓንክሪያታይተስ ይባላል። በብዛት የሚያመጡት የሐሞት ጠጠርና አልኮል ናቸው። በዘር የሚመጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዎች በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ የትሪፕሲን ዘረ መል ላይ አንዲት ለውጥ አገኙ። ያለቦታው የተገለጠ ትሪፕሲን ራሱን ቆርጦ የሚያጠፋበት ቦታ አለ። በእነዚህ ሰዎች ላይ የተለወጠው ያ ቦታ ነበር።

ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል። ከእምብርት በላይ ድንገት የሚጀምር ኃይለኛ ሕመም ነው። ወደ ጀርባ ይዘልቃል። ብዙ ጊዜ ማስመለስ አለው። በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ጋብ ይላል። ብዙ ሰው "ጨጓራ ነው" ብሎ ወተት ጠጥቶ ይተኛል። እባካችሁ አትተኙ። ይህ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጥ ሕመም ነው።

ኢንሱሊን ለምን በመርፌ?

ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። መልሱ ከላይ ያየነው ነው። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። ብትውጡት ፔፕሲንና ትሪፕሲን እንደ ማንኛውም ምግብ ይቆራርጡታል።

ይህ ችግር ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከውሻ ቆሽት ለማውጣት ሲነሡ ባንቲንግ የጠረጠረው ጉዳይ ነበር። ቆሽት ሁለት ሥራ አለው፤ ኢንሱሊንም ያመርታል፣ ፕሮቲን ቆራጮችንም ያመርታል። ቆሽቱን ሲፈጩት ቆራጮቹ ኢንሱሊኑን ያበላሹታል ብሎ አሰበ። ስለዚህ መጀመሪያ የቆሽቱን ቱቦ አሰሩት። ቱቦው ሲታሰር ቆራጮቹን የሚያመርተው ክፍል ይጫጫል፣ ኢንሱሊን የሚያመርተው ይቀራል። ከዚያ የተረፈውን ወስደው ጨመቁት፤ የውሻው ስኳር ወረደ። በዓመቱ ጥር ላይ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ መርፌውን ተወጋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ በሽታ ለልጆች የሞት ፍርድ ነበር።

ሌላም አለ። ኢንሱሊን ራሱ የሚወለደው በመቁረጥ ነው። ሴሉ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮኢንሱሊን የሚባል ረዘም ያለ ሰንሰለት ነው። ፕሮቲዬዞች መካከሉን ቆርጠው ያወጡታል። የወጣው ቁራጭ ሲ-ፔፕታይድ ይባላል። ላቦራቶሪ "ሲ-ፔፕታይድ" የሚል ማዘዣ ካያችሁ ሐኪሙ እየጠየቀ ያለው "የዚህ ሰው ቆሽት አሁንም በራሱ ኢንሱሊን ይሠራል?" ብሎ ነው። በመርፌ የገባው ኢንሱሊን ሲ-ፔፕታይድ ስለሌለው ምርመራውን አያሳስትም።

ሲታግሊፕቲንስ? ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ቆሽትን "ኢንሱሊን አምጣ" ይለዋል። ዲፒፒ-4 የሚባል ፕሮቲዬዝ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ጫፉን ቆርጦ ዝም ያሰኘዋል። ሲታግሊፕቲን ይህን ቆራጭ ይይዘዋል። ሆርሞኑ ትንሽ ይቆያል።

ደም ሲረጋና ሲሟሟ

ምላጭ ጣታችሁን ሲቆርጠው ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። ይህን የሚያደርጉት ብዙ ፕሮቲዬዞች በቅብብሎሽ ነው። አንዱ የሚቀጥለውን አፎት ይቆርጣል፤ ያኛው ደግሞ የሚከተለውን። አንዱ ብዙዎችን ስለሚገልጥ ትንሿ ምልክት በየደረጃው ትበዛለች። መጨረሻ ላይ ትሮምቢን ይነሣል። ትሮምቢን በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚዞረውን ፋይብሪኖጅን ይቆርጣል። የተቆረጠው ፋይብሪን ይባላል። ወዲያው እርስ በርሱ ተጠላልፎ መረብ ይሆንና ቀዳዳውን ይደፍናል።

ቁስል ላይ በረከት ነው። ሳይጎዳ በተቀመጠ ደም ሥር ውስጥ ሲሆን ግን አደጋ ነው። ሪቫሮክሳባን ከትሮምቢን አንድ ደረጃ በፊት ያለውን ቆራጭ ይይዛል። የቆየው ዋርፋሪን መንገዱ ሌላ ነው። ቆራጮቹን በቀጥታ አይነካም። ጉበት እነሱን ሠርቶ ለመጨረስ ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፤ ዋርፋሪን ቫይታሚን ኬ ሥራውን እንዳይደጋግም ያደርገዋል። የልብ ቫልቫቸው በብረት የተቀየረላቸው ሰዎች ዛሬም የሚወስዱት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ለጿሚዎች የምለው አለኝ። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት ያለው ቅጠል ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጾም ሲገባ ድንገት በየቀኑ ጎመን መብላት ከጀመረ የመድኃኒቱ ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ፋሲካ ሲመጣ ድንገት ካቆመ ደግሞ ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን ይችላል። ጎመን ተው አላልኩም። መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ይሁን። የአመጋገብ ለውጥ ካለ ለሐኪሙ ይነገር፤ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራም ቶሎ ይታይ።

የረጋን ደም የሚያሟሟውም ፕሮቲዬዝ ነው። ፕላዝሚን ይባላል። የፋይብሪኑን መረብ ይቆራርጠዋል። እሱም አፎቱን ለብሶ በደም ውስጥ ይዞራል። አልቴፕሌዝ የሚባለው መድኃኒት ይህን አፎት የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። አሜሪካ ለስትሮክ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ጥቅም የሚሰጠው ግን ምልክቱ ከጀመረ ባሉት 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ከዚያ በፊት የጭንቅላት ሲቲ ስካን መነሣት ግድ ነው። ስትሮኩ በደም መፍሰስ የመጣ ከሆነ ይኸው መድኃኒት ይገድላል። ስለዚህ የአንድ ሰው አፍ ወደ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ "ትንሽ ይተኛ፣ ይሻለዋል" አይባልም። ሰዓቷን ያዙና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው "መቼ ጀመረው?" ብሎ ነው።

የእባቡ መርዝና የእማማ ሳል

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ የሰማሁት ንግግር ነው። አንዲት አሮጊት የሳል ሽሮፕ ፈልገው መጡ።

"እማማ፣ ሳሉ አክታ አለው?" አለቻቸው ፋርማሲስቷ።

"የለውም ልጄ፤ ደረቅ ነው። ማታ ማታ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።"

"የደም ብዛት መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"እንዴታ! ከፋሲካ ወዲህ ኢናላፕሪል አዘውልኝ እሱን ነው የምውጠው።"

ፋርማሲስቷ ሽሮፑን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። "እንግዲያው ሽሮፕ አያስፈልግዎትም። ሐኪምዎ ጋ ይሂዱና ሳሉን ይንገሯቸው፤ ይቀይሩልዎታል። እስከዚያ ግን በራስዎ እንዳያቋርጡት፣ እሺ?"

ልጅቷ ያወቀችው ይህንን ነው። የደም ግፊት ሲቀንስ ኩላሊት ሬኒን የሚባል ፕሮቲዬዝ ይለቃል። ሬኒን ከጉበት የመጣን አንድ ፕሮቲን ቆርጦ 10 አሚኖ አሲድ ያላት አጭር ቁራጭ ያወጣል። ኤሲኢ የሚባል ሌላ ፕሮቲዬዝ ደግሞ ከጫፏ 2 ይቆርጣል። የቀረችው ባለ 8 አሚኖ አሲድ ቁራጭ አንጂዮቴንሲን 2 ናት። ደም ሥርን አጥብቃ ግፊትን ታወጣለች። ኢናላፕሪል ኤሲኢን ይይዛል፤ ቁራጯ አትሠራም፤ ግፊቱ ይወርዳል።

ኤሲኢ ግን ሌላም ሥራ አለው። ብራዲካይኒን የሚባል ነገር ቆርጦ ያጠፋል። ኤሲኢ ሲታሰር ብራዲካይኒን ሳንባ አካባቢ ይጠራቀማል፤ ጉሮሮን ይከረክራል። ሳሉ የመጣው ከዚያ ነው። ከንፈር ወይም ምላስ ድንገት ካበጠ ግን ነገሩ ከሳል ያለፈ ነው፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ይህ እብጠት አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። እርጉዝ የሆነች ሴትም ይህን መድኃኒት መውሰድ የለባትም፤ ፅንሱን ይጎዳል።

መድኃኒቱ የተገኘበት መንገድ ራሱ አስገራሚ ነው። ጃራራካ የሚባል የብራዚል እባብ የነከሰው ሰው ግፊቱ በኃይል ይወርዳል። ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የዚህን እባብ መርዝ ሲመረምር ብራዲካይኒን እንዳይፈርስ የሚያደርጉ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች አገኘበት። ቁራጮቹ ኤሲኢን የሚያስሩ ሆነው ተገኙ። ስኩዊብ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ ዴቪድ ኩሽማንና ሚጌል ኦንዴቲ፣ ያንን መነሻ አድርገው የሚዋጥ ክኒን ሠሩ። ካፕቶፕሪል ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ኢናላፕሪል የእሱ ታናሽ ነው።

ቫይረሱም ቆራጭ አለው

ኤችአይቪ ሴላችን ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኖቹን ሲያሠራ ብዙዎቹን ለየብቻ አያሠራም። አንድ ላይ ተያይዘው በረጅሙ ይወጣሉ። ካልተቆራረጡ ቫይረሱ ቅርጹን አይይዝም፤ ከሴሉ ቢወጣም ሌላ ሴል መያዝ አይችልም። ቆራጩን ቫይረሱ ይዞ ይመጣል። ትንሽ ፕሮቲዬዝ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ግማሾች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 99 አሚኖ አሲድ ናቸው። ጉድጓዱ በመካከላቸው ነው።

ሳኩዊናቪር የሚባለው የመጀመሪያው ማሰናከያ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ነው። ሞለኪውሉ ሊቆረጥ ያለ ሰንሰለት ይመስላል። ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ግን አይቆረጥም። እዚያው ይቀራል። ይህ መድኃኒትና ተከታዮቹ ከሌሎች ጋር ተቀናጅተው መሰጠት ሲጀምሩ በአሜሪካ የኤድስ ሞት በሁለት ዓመት ውስጥ በእጅጉ ወረደ። በእኛ አገር መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው፣ ለቀስተኛ ያልነበረበት ሰፈር እንዳልነበረ ያውቃል። ለእኔ ይህ የሰው ልጅ ከሠራቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ሌላ የቫይረሱን ኢንዛይም የሚይዝ ነው። አታዛናቪርና ሎፒናቪር በአመዛኙ ለሁለተኛ መስመር ሕክምና፣ ማለትም የመጀመሪያው ሳይሠራ ሲቀር፣ ይውላሉ። አታዛናቪር ለሚወስዱ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ መድኃኒት በደንብ እንዲገባ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። ስለዚህ ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ ገዝታችሁ አብራችሁ አትዋጡ። ዓይናችሁ ነጩ ቢጫ ቢልም አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱ ጸባይ ነው። ግን ለሐኪም ንገሩ፣ የጉበት ችግር አለመሆኑ ይረጋገጥ።

የኮቪድ ቫይረስም እንዲሁ የራሱ ቆራጭ አለው፤ ፓክስሎቪድ የሚባለው ክኒን የሚይዘው እሱን ነው። የወባ ተሕዋስም ሄሞግሎቢናችንን ቆራርጦ የሚመገበው በራሱ ፕሮቲዬዞች ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ነው። የቴታነስ መርዝ ፕሮቲዬዝ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ባክቴሪያው ቁስል ውስጥ ሆኖ መርዙን ይለቃል። መርዙ በነርቭ ተጉዞ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ወዳለው ሕብለ ሰረሰር ይገባል። እዚያ ጡንቻን "ተፍታታ" የሚሉ ነርቮች አሉ። መርዙ የሚቆርጠው እነዚህ ነርቮች መልእክታቸውን የሚልኩበትን አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው። የሚያላላ ትእዛዝ ሲጠፋ ጡንቻው ይጨመደዳል፤ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ጀርባ ይለመጣል። የተቆረጠው አይቀጠልም ብለናል፤ ስለዚህ ማገገም ሳምንታት ይወስዳል። ክትባቱ መርዙ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላትን አስቀድሞ ያዘጋጃል። የእርጉዞችና የሕፃናት ክትባት ውስጥ ያለው ለዚህ ነው።

ጓዳ ውስጥ ያሉት

ፓፓያ ፓፓይን የሚባል ፕሮቲዬዝ አላት። በብዛት ያለው ባልበሰለችው ነጭ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ጠንካራ የበሬ ሥጋ ላይ ጥሬ ፓፓያ ቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። የሥጋው ላይ ላዩ ይለሰልሳል፣ ይሙለጨለጫል፤ ቢላው ያለ ችግር ይገባል። አናናስም እንዲሁ ብሮሜሊን አላት፤ አናናስ አብዝቶ የበላ ሰው ምላሱን የሚያቃጥለው በከፊል እሱ ነው። አውሮፓውያን በባህላቸው ቺዝ የሚሠሩት ከጥጃ ጨጓራ በተገኘ ፕሮቲዬዝ ወተት አርግተው ነበር። የእኛ አይብ ግን በዚህ ውስጥ የለም፤ አሬራው በኮምጣጣነቱና በእሳት ነው የሚረጋው።

የልብስ ሳሙናስ? ብዙዎቹ ዱቄት ሳሙናዎች ከባክቴሪያ የተገኘ ፕሮቲዬዝ አላቸው። የደም፣ የወተትና የእንቁላል እድፍ የሚለቀው በዚህ ነው። ለብ ያለ ውኃ ይበቃዋል፤ የፈላ ውኃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፣ የደም እድፉንም ያደርቀዋል። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ስለሆኑ አይጎዱም፤ ጥጥ ፕሮቲን አይደለም። ሱፍና ሐር ግን ፕሮቲን ናቸው፤ በዚህ ሳሙና አትዘፍዝፏቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሰዎች የምሰማው ነው። "ኢንዛይም" ተብሎ በብልቃጥ የሚሸጠውን ክኒን ልዋጥ? ቦርጭ ያጠፋል፣ ሰውነት ያጸዳል እየተባለ በውድ ይሸጣል። ለጤነኛ ሰው አይረባም። ቆሽታችሁ በየቀኑ ከበቂ በላይ ያመርታል፤ የምትውጡት ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ጨጓራ ላይ አብዛኛው ይፈርሳል። በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ቆሽታቸው በተደጋጋሚ ሕመም የተጎዳ ወይም በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች ምግብ አይፈጭላቸውም፤ ሰገራቸው ቅባት ይበዛዋል፣ ይከሳሉ። ለእነሱ ከአሳማ ቆሽት የተሠራ፣ አሲድ የማይበግረው ሽፋን ያለው ካፕሱል ይታዘዛል። ካፕሱሉ አይታኘክም። ከምግቡ ጋር፣ መጀመሪያ ጉርሻ ላይ ይዋጣል፤ ምግቡ ብዙ ከሆነም ከፊሉ መሀል ላይ ይጨመራል።